ከፍታ እየፈራሁ በገመድ ላይ የሚራመዱ ሰዎችን ማየት ያልተውኩት ለምንድን ነው?

ጠርዝ — ሰኞ ምሽት

መሰላል ላይ ከሦስተኛው እርከን በላይ ወጥቼ አላውቅም። ሰገነት ላይ ስቆም ጀርባዬ ግድግዳ ካልነካ ጉልበቴ ይከዳኛል። ድልድይ በእግሬ የምሻገር ከሆነ ዓይኔ ከፊቴ ከሚሄደው ሰው ትከሻ ላይ አይነሳም። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ፍርሃት ስለሆነ ደብቄው አላውቅም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ላለፉት ሁለት ዓመታት ደጋግሜ የማየው በገመድ ላይ የሚራመዱ ሰዎችን ፊልም ነው። የጀመርኩት በፈረንሳዊው በፊሊፕ ፔቲ ታሪክ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ኦገስት 7 ቀን 1974 ማለዳ፣ ገና በ24 ዓመቱ፣ በኒውዮርክ መንትያ ሕንጻዎች አናት መካከል በድብቅ በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ወጣ። ከመሬት ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ለ45 ደቂቃ ያህል ስምንት ጊዜ ተመላለሰ። ተንበረከከ፤ በጀርባውም ተጋደመ። ፖሊሶች ጣሪያው ላይ ቆመው ይጠብቁታል፤ እሱ ግን አጠገባቸው ደርሶ ፊቱን ያዞርና ወደ መሃል ይመለሳል።

ይህን ሳይ መዳፌ በላብ ይርሳል፤ የእግሬን መርገጫ እንደ መንዘር ያደርገኛል። የተቀመጥኩት ወንበር ላይ፣ እግሬም ወለል ላይ ነው። ሰውየው በሕይወት እንደወረደ አውቃለሁ፤ ታሪኩ ካለቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሰውነቴ ግን ይህን ሁሉ አይሰማም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር አስተዋልኩ። ምስሉ የተጓዡን እግርና ገመዱን ሲያሳየኝ እረጋጋለሁ፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ካሜራው ወደ ታች ወደ ጎዳናው ሲያዘነብል ግን ልቤ ቀጥ ይላል። ተጓዡ ደግሞ ሥራ ላይ ሳለ ዓይኑን የሚተክለው ከፊት ለፊቱ ባለው የገመዱ ጫፍ ላይ ነው። እንግዲህ የሚያስፈራኝን ነገር የማየው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው። እሱ ላለማየት የተለማመደውን፣ ፊልም ሠሪው ለእኔ ያሳየኛል።

እንደ እኔ ከፍታ እየፈራ እነዚህን ፊልሞች መተው ያቃተው ሰው አለ? ምን ይሰማችኋል? የትኛው ቦታ ላይ ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ?


የፊልም ማኅደር — ሰኞ ምሽት

አለሁ። ከፍታ እፈራለሁ፤ ፊልም ደግሞ እወዳለሁ፤ ሁለቱ ሲጋጩ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ፊልሙ ነው።

ስለ ካሜራው ያነሳኸው ነጥብ ብዙ የሚያስኬድ ነው። ስለ ፔቲ የተሠሩትን ሁለት ፊልሞች አስተያያቸው። «ማን ኦን ዋየር» የተባለውና በ2008 የወጣው ዘጋቢ ፊልም በቀጣዩ ዓመት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ያ ፊልም የመንትያ ሕንጻዎቹን ጉዞ የሚያሳየን በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች ነው። ጥቁር ልብስ የለበሰ ትንሽ ሰው፣ ረጅም ዘንግ፣ ቀጭን መስመር፣ ከዚያ ባዶ ሰማይ። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። እኔ ያን ክፍል ሳይ አላዞረኝም፤ አለቀስኩ እንጂ። ለምን እንዳለቀስኩ እስከ ዛሬ በደንብ ማስረዳት አልችልም።

በ2015 የወጣው የሮበርት ዘሜኪስ ፊልም ግን ሌላ ነው። ሕንጻዎቹ በ2001 ስለፈረሱ በኮምፒውተር ዳግም ተገነቡ፤ ፊልሙም በሦስት ገጽታ፣ በመነጽር እንዲታይ ሆኖ ተሠራ። ካሜራው ከገመዱ ላይ ይንሸራተትና ቁልቁል ይወርዳል። ሲኒማ ቤት ውስጥ ራሳቸውን እንዳዞራቸውና እንዳቅለሸለሻቸው የተናገሩ ተመልካቾች ነበሩ። እኔም የወንበሩን እጀታ ስጨብጥ ጎኔ የተቀመጠችውን ሴት እጅ ጨብጬ አገኘሁት። አልተቆጣችም። እሷም አጥብቃ ይዛኝ ነበር።

ለእንዲህ ዓይነት ታሪክ በቋንቋችን «ልብ አንጠልጣይ» እንላለን። ለወንጀል ልብ ወለድ ስንጠቀምበት እንዲያው የተለመደ ቃል ነው። እዚህ ላይ ግን ቃሉ ትክክለኛ ቦታውን ያገኘ ይመስለኛል። የሚንጠለጠለው እውነትም ልብ ነው።

አንተን የቱ ነው የያዘህ? ፎቶግራፉ ወይስ የሚንቀሳቀሰው?


ጠርዝ — ሰኞ ምሽት

ሁለቱም፤ ግን በተለያየ መንገድ። ፎቶግራፎቹን እንደፈለግኩ ቆሜ አያለሁ፤ እንደ ጸሎት ቤት ሥዕል ነው የሚሆኑብኝ። የ2015ቱን ደግሞ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ የመጀመሪያውን እግር ገመዱ ላይ አሳርፎ ሁለተኛው ገና ሕንጻው ላይ ሳለ። ከዚያ በኋላ ያለው እንደዚያች ቅጽበት አያስፈራኝም። አንድ እግር እዚህ፣ አንድ እግር እዚያ። መመለስ እየተቻለ አለመመለስ።


ማማ ወጪ — ማክሰኞ ማለዳ

የቴሌኮም ማማ ላይ አንቴና እሰቅላለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ሰው «አንተማ አትፈራም» ይለኛል። እፈራለሁ። ፍርሃቱ ሥራ ላይ ይጠቅመኛል፤ መንጠቆዬን ሁለት ጊዜ የሚያስፈትሸኝ እሱ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ የማስተምረው የመጀመሪያ ነገር ጠርዝ ያስተዋለው ነው። እጅህን ተመልከት፣ ቀጥሎ የምትይዘውን ብረት ተመልከት። ታች ያለው አገር ያንተ ሥራ አይደለም።

እነዚህን ፊልሞች ሳይ ግን ከሥራ ቦታዬ ይልቅ እፈራለሁ። ምክንያቱን ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀች፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ፊልሙ ላይ ማሠሪያውን መፈተሽ አልችልም። ገመዱ የታሰረበት ብረት በምስሉ ዳር ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ እኔ ደግሞ «መልሱት፣ ያንን አሳዩኝ» እላለሁ።

የፔቲን ታሪክ ሰዎች እንደ አንድ ሰው ድፍረት ይተርኩታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌሊቱ ነው። ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው የዓሣ ማጥመጃ ክር በቀስት ተኮሱ። በክሩ ቀጭን ገመድ፣ በቀጭኑ ወፍራም፣ በወፍራሙ የብረቱን ገመድ ጎተቱ። የብረቱ ገመድ 200 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በሕንጻዎቹ መካከል ተንሸራቶ ቁልቁል ሲወርድባቸው በጨለማ፣ ጠባቂ እንዳይሰማ ድምፅ ሳያሰሙ፣ መልሰው በእጃቸው ሳቡት። እንዲህ ያለ ሸክም በእጁ ስቦ የሚያውቅ ሰው ማለዳ ላይ ያ ወጣት ገመዱ ላይ ሲወጣ ክንዱ ውስጥ የነበረውን ድካም ይረዳዋል።

ደግሞ ልብ በሉ፤ የብረት ገመድ ብቻውን አይረጋም። ይወዛወዛል፣ በራሱ ላይም ይጠማዘዛል። ለዚህ ነው ከጎን ወደ ታች የሚወርዱ መወጠሪያ ገመዶች የሚታሰሩት። ዝነኛውን የገመድ ተጓዥ ካርል ዋሌንዳን አስታውሱ። ማርች 22 ቀን 1978 በፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን ውስጥ በሁለት የሆቴል ሕንጻዎች መካከል ሲሻገር ወድቆ ሞተ። 73 ዓመቱ ነበር፤ ከፍታው 37 ሜትር ያህል ነው። ኃይለኛ ነፋስ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን ዋነኛው ምክንያት የጎን መወጠሪያዎቹ በትክክል አለመታሰራቸው ነው ይላሉ። በሙያዬ ይህን ሳነብ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። ዕድሜውን ሙሉ ገመድ ላይ የኖረ ሰው በሌላ ሰው ቋጠሮ ሲሞት።

ያ አወዳደቅ በካሜራ ተቀርጿል። አላየሁትም፤ አላየውምም።


እናት ነኝ — ማክሰኞ ረፋድ

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገርዎን ሳነብ ለመጻፍ ተነሣሁ።

በ2013 ኒክ ዋሌንዳ በግራንድ ካንየን አቅራቢያ ያለውን የትንሹን ኮሎራዶ ወንዝ ገደል ያለ መከላከያ ቀበቶ ሲሻገር በቀጥታ ሥርጭት አይተነው ነበር። ያኔ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጎኔ ተቀምጧል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ልጄ «እማዬ፣ ቢወድቅ እናየዋለን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አጠፋሁት። ሰውየው በሰላም መሻገሩን የሰማሁት በማግሥቱ ነው።

እስቲ ሁላችሁም በእውነት መልሱልኝ። ሰው እንደማይወድቅ እርግጠኛ ብትሆኑ ኖሮ ታዩት ነበር? የምንጠብቀው ምንድን ነው? አንድ ሰው ሕይወቱን በገመድ ላይ ሲያስቀምጥ እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን መዳፋችንን እናልባለን፤ ከዚያ ማስታወቂያ ይገባል። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት፣ በ2012 ኒክ የናያጋራን ፏፏቴ ሲሻገር ሥርጭቱን የያዘው ቴሌቪዥን ቀበቶ ካልታጠቅህ አላሳይም ብሎ ነበር። እሱ ቅር እያለው ታጠቀ። እኔ ግን ለቴሌቪዥኑ አመስግኛለሁ። የሚያሳየው አካል ለሚያየው ሰውም ኃላፊነት አለበት።

ፔቲን በፎቶግራፍ ማየት አይከብደኝም፤ ምክንያቱም መጨረሻውን አውቃለሁ። ቀጥታ ሥርጭት ግን ሌላ ነው።


ማማ ወጪ — ማክሰኞ ቀትር

እህቴ፣ ልጅዎ የጠየቀው ከዚህ በፊት ካነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ይበልጣል። ቀጥታ ሥርጭቱን ከልጅ ጋር አለማየትዎ ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቀበቶው ግን ሰዎች «ታጥቆ ነው» እያሉ ሥራውን ሲያንቋሽሹ እናደዳለሁ። ቀበቶ የሚያድነው ከወደቁ በኋላ ነው። በየእርምጃው ሚዛን የሚጠብቀው እግር ነው። ያኔ ናያጋራ ላይ ከፏፏቴው የሚነሣው ጭጋግ ፊቱን እየመታው፣ እርጥብ ገመድ ላይ 550 ሜትር ያህል ሄዷል። እኔ በየቀኑ እታጠቃለሁ፤ ስለታጠቅሁ ግን ማማው ራሱ ተሸክሞ አያወጣኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ካርል የኒክ ቅድመ አያት ነው። በ2011 ኒክና እናቱ ሳን ሁዋን ሄደው ካርል የወደቀበትን መንገድ፣ በእነዚያው ሁለት ሕንጻዎች መካከል፣ ተሻግረው ጨረሱት። እናት ከልጇ ጋር አያቷ በወደቀበት ቦታ! ይህን ስሰማ ከሞት ጋር የሚደረግ ጨዋታ ነው ብዬ ለማሰብ ይከብደኛል። ያልተፈጸመ ሥራ መፈጸም ይመስለኛል።


እናት ነኝ — ማክሰኞ ከሰዓት

ያችን እናት ልረዳት እሞክራለሁ። አልቻልኩም። ግን እሞክራለሁ።


ሚዛን ጠባቂ — ማክሰኞ ምሽት

የሰውነት ሚዛን የተዛባባቸውን ሕሙማን እንደገና መራመድ የማለማምድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ጠርዝ ስለ መዳፉና ስለ እግሩ መርገጫ የጠየቀው ጥያቄ የእኔ ዘርፍ ስለሆነ ላለማለፍ ወሰንኩ።

ቆመን ስንታይ የቆምን ይመስለናል እንጂ ሁላችንም ያለማቋረጥ በትንሹ እንወዛወዛለን። አንጎል ይህን ውዝዋዜ የሚቆጣጠረው በሦስት ነገር ነው፤ በዓይን፣ በውስጠኛው ጆሮ ባለው የሚዛን አካል፣ እንዲሁም ከእግርና ከመገጣጠሚያዎች በሚመጣ ስሜት። በአጠገባችን ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ሲኖር ጭንቅላታችን ትንሽ ዘንበል ሲል የዚያ ነገር ምስል በዓይናችን ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ አንጎልም ወዲያው ያርመናል። ከፍ ያለ ጠርዝ ላይ ስንቆም ግን የምናያቸው ነገሮች ሁሉ በጣም ሩቅ ናቸው። ያው ትንሽ ውዝዋዜ የሩቁን ምስል አያንቀሳቅሰውም። ዓይን «ቆመሃል» ይላል፤ ጆሮና እግር «ዘንበል ብለሃል» ይላሉ። በዚህ መሃል ሰውነት ከወትሮው የበለጠ ይወዛወዛል። ስለዚህ ጠርዝ ጀርባውን ግድግዳ ላይ የሚያስጠጋው በፈሪነቱ እንዳይመስለው። ለአንጎሉ የጎደለውን መረጃ እያቀረበለት ነው። ከፊቱ ያለውን ሰው ትከሻ መመልከቱም እንዲሁ ቅርብ ነገር ፍለጋ ነው።

ፊልም ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ትልቅ ስክሪን ላይ ካሜራው ቁልቁል ሲወርድ ዓይን «እየወደቅህ ነው» ይላል፤ ጆሮ ደግሞ «ተቀምጠሃል» ይላል። የማቅለሽለሹ ምንጭ ይህ ግጭት ነው። ላቡን በተመለከተ፣ መዳፍና የእግር መርገጫ ላይ ያሉት የላብ ዕጢዎች ከሌላው አካል በተለየ ከሙቀት ይልቅ ለስሜት የሚታዘዙ ናቸው። አንጎል አደጋ ያየ ሲመስለው ቀድመው የሚነቁት እነሱ ናቸው፤ አደጋው የሌላ ሰው ቢሆንም፣ ያለፈ ቢሆንም።

አንድ ቀላል ነገር ሞክር። የክፍሉን መብራት አታጥፋ። በስክሪኑ ዙሪያ ግድግዳውን፣ ጠረጴዛውን እያየህ ተመልከት። የማይንቀሳቀስ ነገር በዓይንህ ዳር ካለ ግጭቱ ይቀንሳል።


ስም አልባ — ማክሰኞ እኩለ ሌሊት

አንብቤ ማለፍ እንጂ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ወይዘሮ ሚዛን ጠባቂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ካፈርኩበት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

እኔ መውደቅን አልፈራም። የምፈራው ራሴን ነው። ከፍታ ላይ ስቆም «አሁን ብዘልስ?» የሚል ሐሳብ ድንገት ይመጣብኛል። ሕይወቴን እወዳለሁ፤ መሞት አልፈልግም፤ ሐሳቡ ግን ይመጣል። እነዚህን ፊልሞች የማየውም ለዚህ ይመስለኛል። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ በራሱ የሚተማመን ሰው ማየት እፈልጋለሁ። ይህ በሽታ ነው?


ሚዛን ጠባቂ — ረቡዕ ማለዳ

ማለዳ ተነሥቼ መጀመሪያ ያነበብኩት የእርስዎን ነው። ጽፈው ስላወጡት ደስ ብሎኛል።

የሚሰማዎት ነገር ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። በ2012 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ይህንኑ ጠይቆ፣ ራሳቸውን ስለ ማጥፋት አስበው የማያውቁ ብዙ ሰዎችም ይህ ስሜት እንደሚመጣባቸው አግኝቷል። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ እንዲህ ነው። የመትረፍ ደመ ነፍስ በቅጽበት «ወደ ኋላ!» ብሎ ይጎትተናል፤ እኛ ከተሳብን በኋላ ምክንያቱን እንፈልጋለን፤ ጠርዙ ደግሞ አጥር አለው፣ ማንም አልገፋንም። ስለዚህ «ልዘል ፈልጌ ነበር ማለት ነው» ብለን ራሳችንን እንጠረጥራለን። ምልክቱን የሰጠን ግን መኖር የሚፈልገው አካላችን ነው።

በአንጻሩ ሐሳቡ ከከፍታ ውጭም የሚከተልዎት ከሆነ፣ ወይም ከሐዘንና ከተስፋ መቁረጥ ጋር የሚመጣ ከሆነ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። ማፈር የለብዎትም።


ስም አልባ — ረቡዕ ማለዳ

ጠርዝ ላይ ስሆን ብቻ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን መልስ ሃያ ዓመት ጠብቄዋለሁ።


ባዶ እግር — ረቡዕ ከሰዓት

እኔ የምለማመደው ስላክላይን የሚባለውን ጠፍጣፋና ለጠጥ የሚል ገመድ ነው፤ ከመሬት አንድ ሜትር እንኳን አይሞላም። ከትልልቆቹ ተጓዦች ጋር ራሴን አላስተያይም። ግን ገመድ ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው ፊልሙን ሲያይ የማይታየው ነገር ስላለ ልንገራችሁ።

ሰዎች «እንዴት ሚዛኑን ጠብቆ ይቆማል» ይላሉ። አይቆምም። በየቅጽበቱ እየወደቀ፣ በየቅጽበቱ እያቃናው ነው። የተዋጣለት ተጓዥ ማለት መውደቁን ገና ሲጀምር፣ እኛ ሳናይ የሚያርመው ነው። ስለዚህ ፊልም ስታዩ ፊቱን ሳይሆን ቁርጭምጭሚቱን እዩ። ገመዱ ከእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ፤ ከወገብ በላይ ያለው አካል ግን ጸጥ ብሏል።

ዘንጉም ለጌጥ አይደለም። የፔቲ ዘንግ 8 ሜትር ያህል ርዝመትና 25 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነበረው። ያን ያህል ረጅምና ከባድ ነገር ለመዞር እምቢተኛ ነው፤ ሰውየው ሲያዘነብል ዘንጉ ያዘገየዋል፤ ለማረም ጊዜ ይሰጠዋል። ወደ ግራ እየወደቀ ከሆነ የዘንጉን ግራ ጫፍ ወደ ታች ይገፋል፤ በዚያው ግፊት አካሉ ወደ ቀኝ ይመለሳል። መጀመሪያ ሲሰሙት የተገላቢጦሽ ይመስላል። ረጅም ዱላ ይዛችሁ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ሞክሩት።

ከሁሉ የምወደው ታሪክ ግን የፊልም ካሜራ ያልደረሰበት ነው። ፈረንሳዊው የገመድ ተጓዥ ብሎንዲን በ1859 የናያጋራን ገደል በወፍራም ገመድ ሲሻገር ከዚያ ሁሉ ጉዞው በአንዱ ሥራ አስኪያጁን ሃሪ ኮልኮርድን በጀርባው አዝሎ ነው የሄደው። ኮልኮርድ የገመድ ሰው አይደለም። ብሎንዲን ከመነሣታቸው በፊት ያስጠነቀቀው በአንድ ነገር ነው፤ አንተ ሚዛን ልጠብቅ አትበል። እኔ ስወዛወዝ አብረኸኝ ተወዛወዝ እንጂ ልታርመኝ አትሞክር። የታዘለው ሰው በራሱ ፍርሃት አንዲት ጊዜ ወደ ሌላ ጎን ቢያዘነብል ሁለቱም ያልቁ ነበር። መንገድ ላይ ብሎንዲን ለማረፍ ደጋግሞ አውርዶ ገመዱ ላይ አቁሞታል ይባላል። አስቡት፤ ኮልኮርድ ያን ሁሉ መንገድ ምንም ሳያደርግ መቆየት ነበረበት። እኔ የብሎንዲንን ሥራ መሥራት ባልችል እንኳን ልመኘው እችላለሁ። የኮልኮርድን ግን መመኘትም ያቅተኛል።


ጠርዝ — ረቡዕ ምሽት

ባዶ እግር፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ተነሥቼ ክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ።

ፊልም ሳይ ሰውየው ወደ ግራ ሲያዘነብል እኔ ወንበሬ ላይ ወደ ቀኝ እጋደላለሁ። ሁልጊዜ። ትከሻዬ ይደነድናል፤ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ልጎትተው እሞክራለሁ። ታናሽ እህቴ «ዳንስ ነው ወይስ ፊልም?» ትለኛለች። ለካ ከጀርባው ታዝዬ ላርመው እየሞከርኩ ነው። መከራዬን የማየው ለዚህ ነው። ሥራው የእሱ ሆኖ ሳለ ሸክሙን እኔ ልሸከም እታገላለሁ።

እናት ነኝ፣ ለጥያቄዎ መልስ ሳልሰጥ ቆየሁ። እንደማይወድቅ እርግጠኛ ብሆን አየው ነበር ወይ? የፔቲን ፎቶግራፎች በየወሩ አያለሁ፤ እዚያ ላይ እርግጠኛ ነኝ፤ ስለዚህ አዎ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ቀን ያየሁት ስላልተማመንኩ ነው። ይህ ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ገብቶኛል።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህን ሁሉ ማየቴ ፍርሃቴን ይቀንሰው ይሆን?


ሚዛን ጠባቂ — ረቡዕ ምሽት

ለከፍታ ፍርሃት በደንብ የሚሠራው ሕክምና በጥቂት በጥቂቱ መጋፈጥ ነው። በ2018 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 100 የሚሆኑ ከፍታ የሚፈሩ ሰዎችን ይዘው ሙከራ አድርገዋል። ከፊሎቹ ዓይን ላይ በሚደረግ መነጽር፣ በኮምፒውተር በተሠራ ረጅም ሕንጻ ውስጥ፣ ፎቅ በፎቅ እየወጡ ሥራ ይሠሩ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ፍርሃት በአማካይ በ68 በመቶ ቀነሰ። ሕንጻው እውነት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃሉ፤ ሆኖም ሠርቷል።

ፊልም ግን ከዚያ በአንድ ነገር ይለያል። እዚያ የሚራመዱት ራሳቸው ናቸው፤ አንተ ስታይ የምትራመደው አንተ አይደለህም። ፊልም ብቻውን መድኃኒት ይሆናል አልልህም። አንድ ነገር ግን በሙያዬ እርግጠኛ ሆኜ እነግርሃለሁ። ፍርሃቱ ጫፍ ሲደርስ ዓይንን መጨፈን አንጎልን «ያመለጥኩት ስለጨፈንኩ ነው» ብሎ ያስተምረዋል። ስለዚህ ከባዱን ቦታ ከመጨፈን ቀለል ያለውን ቦታ ዓይንህን ገልጠህ መጨረስ ይሻላል። ሰውነት ራሱ እስኪረጋ ድረስ ቆይ። ይረጋል፤ ፍርሃት በዚያው ልክ ለረጅም ጊዜ መቆየት አይችልም።


የፊልም ማኅደር — ሐሙስ ማለዳ

እንግዲያስ ጠርዝ፣ የ2015ቱን ለጊዜው ተወው። እሱ የተሠራው እንድትወድቅ እንዲመስልህ ነው፤ ደግሞም ተሳክቶለታል። የ2013ቱ የገደል ጉዞ ይሻልሃል። 23 ደቂቃ አይሞላም፤ እግሩና ገመዱ የሚታዩበት ቦታ አለ፤ ትንፋሹና የሚጸልየው ጸሎትም ይሰማል። እናት ነኝ፣ ይህ ቅጂ ቀጥታ ሥርጭት አይደለም፤ መጨረሻው ይታወቃል። ይመልከቱ ማለቴ አይደለም።


እናት ነኝ — ሐሙስ ቀትር

ልጄ አሁን ከእኔ ይረዝማል። ያን ቀን ያጠፋሁትን ሊያየው ይፈልግ እንደሆነ ማታ እጠይቀዋለሁ።


ጠርዝ — ሐሙስ ሌሊት

ጀመርኩት። መብራት በርቷል፤ ሁለቱም እግሮቼ ወለሉ ላይ ናቸው፤ እጆቼን ጭኔ ላይ አሳርፌያለሁ። ለራሴ የሰጠሁት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፤ አታርመው።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከባድ ነበሩ። ነፋሱ በማይክሮፎኑ ውስጥ ያገሳል። ትከሻዬ በራሱ ፈቃድ ሊጋደል ሲል ያዝኩት፤ ከዚያ መያዙንም ተውኩት። ዓይኔን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተከልኩ። እውነት ነው፤ ከታች ይንቀጠቀጣል፣ ከላይ ጸጥ ብሏል። ሁለት ጊዜ ገመዱ ላይ ዝቅ ብሎ ቁጢጥ ይላል። መጀመሪያ ሲወርድ ያለቀለት መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ስረዳው እያረፈ፣ ገመዱ የያዘውን ውዝዋዜ እስኪተው እየጠበቀው ነው። እኔም ጠበቅሁ። ቁጢጥ ባለበት መጠን ትንፋሼ እየረዘመ መጣ።

ሁለተኛው ላይ አቆምኩት። ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ደክሞኝ ነው። መዳፌ ላይ ላብ አለ፤ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አይንጠባጠብም። ነገ ከዚያው እቀጥላለሁ።


ማማ ወጪ — ዓርብ ማለዳ

ስትቀጥል አንድ ነገር ልብ በል ወንድሜ። እንዲህ ረጅም ገመድ መሃሉ ላይ ይረግባል። እስከ መሃል ድረስ ቁልቁለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ነው፤ ደግሞ በደከመ እግር። ባቱን ተመልከት።